ኪኔክቱ ልጁን አላይ ካለ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ያገለገለ የኤክስቦክስ 360 ጌም ማጫወቻ ከነኪኔክቱ (የተጫዋቹን እንቅስቃሴ ከሚያየው ካሜራ ጋር) ለልጆች የምትገዙ መጀመሪያ ሳሎናችሁን ለኩ። ለአንድ ልጅ ከካሜራው 1.8 ሜትር፣ ለሁለት 2.4 ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋል። ረከቦቱም ከመሃል ይነሳ፤ ሲዘሉ አያዩትም።

ልጁ እየዘለለ ጨዋታው ዝም ካለ ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ኪኔክት ርቀት የሚለየው በዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ይደናበራል፤ መጋረጃውን ዝጉ። ጋቢ የደረበ ልጅም እጅና እግሩ አይለይለትም፣ አስወልቁት። ኤክስቦክሱ ወፍራሙ የድሮው ሞዴል ከሆነ የኪኔክቱን የኤሌክትሪክ አዳፕተር ሳትቀበሉ ብር አትክፈሉ፤ ያለሱ አይነሳም።

የቁጥር ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሲዘል ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራ፤ አለዚያ መዝለሉ ብቻ ነው የሚቀረው።