ፋይበር ግላስ ከሞልዱ እንዳይጣበቅ፦ የማላቀቂያ አመራረጥና አቀባብ

በመጀመሪያ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ከምን እንደተሠራ ይመልከቱ። ብርጭቆ ወይም በደንብ የተወለወለ ብረት ከሆነ ሰም ይበቃዋል። ጀሶና እንጨት ግን ሬዚን (ፋይበር ግላሱን የሚያጠነክረውን ፈሳሽ) ይመጥጣሉ። ስለዚህ በሚገባ ከደረቁ በኋላ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው የመኪና ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቧቸውና በ400፣ ቀጥሎም በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ያለስልሷቸው። ተራ የዘይት ቀለም አይሞክሩ፤ በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ያለው ስታይሪን የሚባል ማሟሟያ ያላላዋል።

ሰም መርካቶ ሲገዙ ቆርቆሮውን አዙረው ያንብቡ። የካርናውባ ድርቅ ያለ ሰም ይሻላል። የመኪና ማብለጫ ፖሊሽ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ስላለው ጄልኮቱ (የዕቃው የውጭ ገጽ የሚሆነው የሬዚን ሽፋን) ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ያወጣል። ቫዝሊንና የሞተር ዘይት ደግሞ ገንዘብ መቆጠብ ሳይሆን ሞልድ ማበላሸት ነው።

ሰሙን በስሱ እያዞሩ ይቀቡ፣ ሲደበዝዝ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይወልውሉ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ካልጠበቁ የአዲሱ ሰም ማሟሟያ የበፊቱን ያነሳዋል፤ አምስቴ ቢቀቡም ያለዎት አንድ ንብርብር ነው። አዲስ ሞልድ አምስት ስድስት ጊዜ ይቀባና ያድራል።

ለአዲስ ሞልድ በሰሙ ላይ ፒቪኤ (ሲደርቅ ስስ ሽፋን የሚሠራ ፈሳሽ ማላቀቂያ) ይጨምሩ። ነጩ የአናጺ ኮላም በዚሁ ስም ይሸጣል፤ እሱ ግን ያጣብቃል። ትክክለኛውን በስፕሬይ፣ መጀመሪያ እንደ ጭጋግ፣ ከዚያ ሁለቴ ወፈር አድርገው ይርጩ። በብሩሽ ከተቀባ መስመሩ ዕቃው ላይ ይታተማል። እየተሰበሰበ ጠብታ ከሠራ ሰሙ ሲሊኮን አለው ወይም ገና አላረፈም፤ በውሃ አጥበው እንደገና ይጀምሩ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ፒቪኤ ሳይደርቅ ጄልኮት ሲቀባ። የቀረው ውሃ ሬዚኑን በአግባቡ እንዳይጠነክር ያደርገዋል፣ ገጹም ይጨማደዳል። በበጋ ግማሽ ሰዓት ሊበቃ ይችላል፤ በሐምሌና ነሐሴ ግን ሰዓት ከመቁጠር ጠርዙን በጣት መንካት ይሻላል። ጣት ከያዘ አልደረቀም። ፒቪኤ በውሃ ስለሚሟሟ ከቆርቆሮ ጣሪያ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ትበሳዋለች፤ ዕቃው የሚጣበቀውም እዚያችው ላይ ነው። ላዩን በሸራ ይጋርዱት።

ለጠፍጣፋ ሥራ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የተወጠረ ወፍራም የፖሊኢትሊን ላስቲክ ይበቃል።

ሲያላቅቁ የእንጨት ሽብልቅ ከጥግ ያስገቡና ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱ፤ ካቻቪቴ ሞልዱን ይጭረዋል። ዕቃው ቀለም የሚቀባ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ የሰም ማጽጃ ይታሸው፣ ብርጭቆ ወረቀት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተፈገፈገ ሰሙ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ቀለም አያስይዝም።