አደይ አበባው ሳይጠወልግ ጋዜጣ ውስጥ አስገቡት

ለእንቁጣጣሽ ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ መንገድ ዳር የምትገዙት አደይ አበባ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥም ብዙ አይቆይም። ገና ትኩስ እያለ ከእቅፉ ጥቂት ፍሬ ቀንሱና ተጭናችሁ አድርቁት። ለገና ካርድ፣ ለስጦታ መጠቅለያ፣ ለግድግዳ ፍሬም የሚሆን ጌጥ በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው።

አበባውን ከግንዱ ቁረጡና ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጋዜጣ ላይ ዘርጉት። ቅጠሎቹ እንዳይደራረቡ በጣታችሁ አስተካክሉ። ሌላ ጋዜጣ አልብሱትና ከባድ መጻሕፍት ጫኑበት።

ዋናው ነገር ጋዜጣውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መቀየር ነው። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላታል፤ ቀለሙን የምታድነው ግን እሷ ናት። እርጥበቱ ቶሎ ካልወጣ ቢጫው ይጠቁራል፣ ሻጋታም ይይዘዋል። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት አትጠቀሙ፤ እርጥበት አይመጥም። ሲነካ እንደ ወረቀት ኮሽ ካለ ደርቋል። በቀጭን ነጭ ኮላ ለጥፉት። ፍሬሙን ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል።

አደይ አበባ ለዚህ የሚመቸው ስስና ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ጽጌረዳን በዚህ መንገድ አትሞክሩት፤ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ይበሰብሳል። እሱን በክር አስራችሁ፣ ነፋስ በሚገባበት ጨለማ ቦታ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ዝናብ ወይም ጤዛ ያረፈበትን አበባ ደግሞ መጀመሪያ ውሃው ይድረቅለት።