የወንጀል ልብ ወለድን ፊልም ስታደርጉ እነዚህን ተጠንቀቁ

ከደሴም ከኮምቦልቻም በሚመጡ የጀማሪ ስክሪፕቶች ላይ አንድ ስህተት አይጠፋም፤ ፍንጭን በክሎዝ አፕ፣ ማለትም ካሜራውን በጣም አቅርቦ፣ ማሳየት። ደራሲው «ረከቦቱ ላይ ሁለት የተጠጣባቸው ስኒዎች ነበሩ» ብሎ ያልፋል፤ አንባቢም አብሮ ያልፋል። ካሜራው ግን ስኒዎቹ ላይ ሁለት ሰከንድ ከቆመ «ብቻዬን ነበርኩ» ያለችው ሴትዮ እንደዋሸች ተመልካቹ እዚያው ያውቃል። የቀረው ሰዓት ተኩል መርማሪውን መጠበቅ ብቻ ነው! እባካችሁ፣ ፍንጩን ሥራ ውስጥ ክተቱት። ሴትዮዋ ስኒዎቹን እያጠበች ለመርማሪው ትመልስ፤ ጎረቤት ገብታ ስለ ቀብሩ ታጨናንቃቸው፤ ሾቱ ሰፊ ይሁንና ስኒዎቹ ጥግ ላይ ይታዩ። ከዚያ 20 ገጽ ያህል አታንሷቸው። ጭራሽ መደበቅም አይሆንም፤ ያላየው ነገር ገዳዩን ሲያስይዝ ተመልካች ተታለልኩ ይላል፣ እውነቱን ነው።

የመርማሪውን ሐሳብ በተራኪ ድምፅ አታስነብቡ። የሚሞግተው ባልደረባ ስጡት።

አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ነው። ስለዚህ 300 ገጽ መጽሐፍ ወደ 100 ገጽ መውረድ አለበት፤ ሰባት ተጠርጣሪም ይበዛል። ግን በዘፈቀደ አትቁረጡ። እያንዳንዱን ፍንጭ በካርድ ጻፉ፦ ማን አየው? የት? በኋላ ምን ይፈታል? አንድ ዓይነት የተሳሳተ አቅጣጫ የሚያሳዩ ሁለት ሰዎች አንድ ይሁኑ። ፍንጭ የያዘ ሰው ከወጣ ፍንጩን ማን እንደሚወርሰው ቀድማችሁ ወስኑ፤ አለዚያ መጨረሻው ይፈርሳል።

ቦታውን ስትቀይሩ ጊዜውንም እንደገና አስሉ። ተጠርጣሪው ከደሴ ኮምቦልቻ በሩብ ሰዓት ከደረሰ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ የወሎ ተመልካች አያምናችሁም፤ «እዚያ አልነበርኩም» የሚለው መከላከያም አብሮ ይወድቃል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ሟቹ ገበያ ላይ ከታየ የቀኑ ቆጠራ ሁሉ ከዚያ ይነሳ። ደሴ ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ ጉሙ ሳይነሳ የንግግሩን ሁለቱንም ወገን ቅረጹ፤ አለዚያ አንዱ በጉም፣ ሌላው በፀሐይ ይሆናል።

የመጨረሻው የመርማሪ ማብራሪያ ከሁለት ገጽ አይለፍ።

ፈቃድ ሳትይዙ ስክሪፕት አትጀምሩ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ድርሰትን ወደ ፊልም የመለወጥ መብት የደራሲው ነው፤ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ወራሾቹ ይዘውታል። ሻይ ቤት ውስጥ «ሥሩት፣ ግድ የለም» መባሉ አይበቃም፤ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ።