ጣታችሁ ወለም ሲል አታስጎትቱት

የቀኝ እጄ መሃል ጣት ጫፉ ጎንበስ እንዳለ ቀርቷል። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር መረብ ኳስ ስንጫወት ብሎክ ልሠራ ዘልዬ ኳሷ ጫፉን መታችው። ጓደኛዬ «ና ላስገባልህ» ብሎ ጎተተው። ቋ አለ። ገባ ብለን ጨዋታችንን ቀጠልን። ለካ ጫፉን ቀጥ የሚያደርገው ጅማት ተበጥሷል። የተበጠሰ ጅማት ደግሞ በመጎተት አይቀጠልም።

መጀመሪያ ቀለበት ካለ ቶሎ አውልቁ። ካበጠ በኋላ በሳሙናም እምቢ ይላል። ቀጥሎ በረዶ ነው። ፍሪጅ ከሌላችሁ ከሱቅ የረጋ ሃይላንድ ግዙ። በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ድገሙት። እጃችሁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉ። እናቴ ቅቤ አሙቃ ልታሸኝ መጥታ ነበር። እሷን እምቢ ማለት ከጣቱ በላይ ከበደኝ፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሙቀትና መታሸት እብጠቱን ያባብሰዋል።

አሁን ጫፉን በራሱ ቀጥ ለማድረግ ሞክሩ። እምቢ ካለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ያደርጉላችኋል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዴም ሳይታጠፍ። ከታጠፈ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ሽሮ ሲቀርብ አወለቅኩት። በግራ እጅ መጉረስ አቃተኝ፤ ጥፋቱ የኔው ነው።

ቀጥ የሚልና የሚታጠፍ ከሆነ ከጎኑ ካለው ጣት ጋር በፕላስተር እሰሩት። በመሃል ጥጥ ይግባ። መገጣጠሚያው ላይ አትለጥፉ፣ አታጥብቁም። ጫፉ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ፍቱት። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ አስሮት ደም መሄጃ አጥቶ እጁ የተቆረጠ ሰው አለ። ሕመሙ ሲቀንስ ቀስ እያላችሁ አጠፍ ዘርጋ አድርጉት፤ አለዚያ ይደርቃል።

የእግር ጣትም ያው ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት በነጠላ ጫማ ኮብልስቶን ላይ የሄደ ሰው እንቅፋትን ያውቃታል። በረዶ፣ ማሰር፣ ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ። አውራ ጣት ግን ክብደት ስለሚሸከም ራጅ ይታይ። ጣቱ ከተጣመመ፣ አጥንት አካባቢ ከቆሰለ ወይም መርገጥ ካቃታችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ትንሿ ጣቱም ብትሆን ቆዳዋ ከተላጠ ለነገ አያሳድራት።