ስለ ሰንበት ቀን ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦች ሰንበትን በሦስት መንገድ ሲያከብሩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አድቬንቲስቱ ዐርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራውን አቁሞ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አምልኮው ይሄዳል፤ የመካነ ኢየሱስ ወይም የቃለ ሕይወት አባል የሆነው እሑድን ይጠብቃል፤ ኦርቶዶክሱ ደግሞ ሁለቱንም ቀኖች ሰንበት ብሎ ይጠራቸዋል፤ እሑድ ማለዳም ቅዱስ ገብርኤል ያስቀድሳል። ጎረቤታሞቹ ቡና ላይ ተቀምጠው ትክክለኛው ቀን የትኛው እንደሆነ ሲነጋገሩ ግን ተደጋግመው የሚነሡ አንዳንድ አባባሎች ውይይቱን ከመንገዱ ያስወጡታል። ነገሩ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የሚመለከት እንደመሆኑ መጠን፣ የሚቀርብበት ማስረጃም ጥንቃቄ ይገባዋል።

በብዛት የሚሰማው ስህተት «እሑድን ያመጣው ቆስጠንጢኖስ ነው» የሚለው ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ321 ዳኞች፣ የከተማ ነዋሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች በእሑድ ቀን እንዲያርፉ ማዘዙ፣ ገበሬዎችን ግን የእርሻ ወቅት እንዳያልፍባቸው ሥራቸውን እንዲቀጥሉ መፍቀዱ እውነት ነው። ነገር ግን የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊ የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከዚያ 170 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ተሰብስበው የሐዋርያትንና የነቢያትን ጽሑፎች እንደሚያነቡ፣ እንደሚጸልዩና ቁርባን እንደሚቀበሉ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ቆስጠንጢኖስ ቀኑን በሕግ የሥራ ማቆሚያ አደረገው እንጂ ጉባኤውን አልጀመረውም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት በእኛ፣ እሑድ በምናመልከው ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ሐዋርያት ሰንበትን ከቅዳሜ ወደ እሑድ እንዳዛወሩ በልበ ሙሉነት እንናገራለን፤ ነገር ግን ይህን የሚያዝዝ አንድም ጥቅስ በአዲስ ኪዳን አይገኝም። የሐዋርያት ሥራ 20፥7 ደቀ መዛሙርት ከሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እንጀራ ሊቆርሱ መሰብሰባቸውን፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 በዚያው ቀን ስለሚቀመጥ ገንዘብ ይነግሩናል፤ ራእይ 1፥10 ደግሞ የጌታን ቀን ይጠቅሳል። ሦስቱም የሰባተኛው ቀን ዕረፍት ተሻረ ወይም ተዛወረ አይሉም፤ ይልቁንም ያው የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ጳውሎስ በሰንበት ቀን ምኩራብ ገብቶ ሲያስተምር ደጋግሞ ያሳየናል። በእኔ እምነት የእሑድ ክብር የሚቆመው በጌታ ትንሣኤ ላይ ነው፤ ይህ መሠረት ደግሞ በቂ ስለሆነ፣ ያልተጻፈ ትእዛዝ እንደ ተጻፈ አድርገን እንድናቀርብ የሚያስገድደን ነገር የለም።

ቅዳሜን የሚያከብረውን ሁሉ «አይሁዳዊ» ወይም «መጤ ትምህርት የተከተለ» ብሎ መፈረጅ ሌላው ስህተት ነው፤ ይህንን የሚናገር ኢትዮጵያዊ የገዛ አገሩን ታሪክ የዘነጋ ይመስለኛል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ልትከበር ይገባል ብለው በማስተማራቸው ከብዙዎች ጋር ተጋጭተው አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ ያረፉትም በአርመን ምድር ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ከሹመትና ከማኅበር ተገልለውም አቋማቸውን አልለወጡም። ዐፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ከፈቀዱላቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ከመቶ ዓመት በኋላ ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር መልእክተኞች ይህንኑ ልማድ ሲነቅፉ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የእምነት መግለጫ ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱትና እሳት እንደማያነድዱት አይሁድ ሳይሆን ቁርባን በማቅረብ ነው ሲሉ መለሱ። ዛሬም ቢሆን ኦርቶዶክሳዊው ምእመን በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት ይታቀባል እንጂ እህል ሳይቀምስ እስከ ሰዓት አይቆይም፤ ከዚህ ሥርዓት የምትለየው በትንሣኤ ዋዜማ ያለችው ቀዳም ስዑር ናት። አድቬንቲስቱና ኦርቶዶክሱ ቅዳሜን የሚያከብሩበት ምክንያትና አኳኋን የተለያየ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ይህን ክርክር አባቶቻችን በደም፣ በስደትና በጉባኤ ያለፉበት መሆኑን ማወቅ አነጋገራችንን ሊያርመው ይገባል።

የዘመን አቆጣጠር ስለተለወጠ የትኛው ቀን ሰባተኛው እንደሆነ አይታወቅም የሚለው ክርክር ረጅም መልስ አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ1582 የአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲታረም ከሐሙስ ኦክቶበር 4 ቀጥሎ ዐርብ ኦክቶበር 15 ሆነ፤ ቁጥሩ ዘለለ እንጂ የሳምንቱ ቀናት ተራ አልተቋረጠም። የእኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር በዓመትም በወርም ይለያያል፣ ቅዳሜ ግን በሁለቱም ቅዳሜ ነው።

ከጥቅሶች ሁሉ ያለ አግባብ የሚጠቀሰው ደግሞ ቆላስይስ 2፥16 ነው። አንዱ ወገን ጥቅሱ ሳምንታዊውን ሰንበት ይመለከታል ይላል፣ ሌላው የዓመት በዓላትን ሰንበታት ብቻ ነው ይላል። በዓላት፣ መባቻና ሰንበት በአንድነት የሚጠሩበት አነጋገር በሕዝቅኤል 45፥17 ስለሚገኝ፣ ሳምንታዊው ሰንበትም የተካተተ ይመስለኛል፤ ሌላውን ንባብ የሚከተሉትም ግን ምክንያት አላቸው። ስህተቱ ግን ከዚህ በላይ ነው፤ ጳውሎስ በሰንበት ነገር ማንም አይፍረድባችሁ ብሎ የጻፈውን ቃል አንሥተን በቀኑ በሚለየን ወንድማችን ላይ እንፈርድበታለን።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት ስለ ቀኑ እየተከራከሩ በትእዛዙ ውስጥ የተጠሩትን ሰዎች መርሳት ነው። ዘዳግም 5፥14 ሎሌውና ገረዲቱ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ያዝዛል፤ ቀጥሎም እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደነበረ እንዲያስብ ያሳስበዋል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ለምትሠራው ልጅ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየሰባቱ ቀን ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣታል፤ በቤታችን የምታገለግለው ግን ሥራዋ ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል አገልግሎት ስለሆነ ከዚህ ዐዋጅ ውጪ ናት። እኛ ከአምልኮ እስክንመለስ እሷ ለእንግዶቻችን ወጥ ትሠራለች፤ ይህም በቅዳሜ አክባሪውም በእሑድ አክባሪውም ቤት ይታያል። ስለዚህ ሠራተኛ ስንቀጥር የምታመልከው በየትኛው ቀን እንደሆነ እንጠይቃት፤ ቀኑ ከእኛ ቀን ቢለይም ያንኑ ቀን እንስጣት፤ ስንለቃትም የምሳው ዕቃ ታጥቦ እስኪያልቅ ሳናቆይ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ይሁን።