አንድ የቆርቆሮ በር፣ ሁለት ማጀቢያ

የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ለመለማመጃ የአርባ ሴኮንድ ቅጂ ይበቃል። ሱሉልታ ዳር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው መንገድ፣ አንድ ሰው በምሽት መጥቶ የቆርቆሮ በር ያንኳኳል፤ ንግግር የለም። ይህንኑ ቅጂ አንዴ ለኮሜዲ፣ አንዴ ለልብ አንጠልጣይ ፊልም አጅቡት።

መጀመሪያ ፍሬሙን (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች ብዛት) እዩ። በሴኮንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ ከሆነ በደቂቃ 100 ምት ያዙ፤ አንዱ ምት ልክ 15 ፍሬም ይሆናል። በ24 ከሆነ 120 ምት 12 ፍሬም ይሰጣል። ሙሉ ቁጥር ሲወጣ ምቱን ከእርምጃውና ከኳኳታው ጋር ማግጠም ይቀላል።

ለኮሜዲው ክላሪኔት ወይም ባሱን (ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) በትዝታ ሜጀር ዜማውን ይያዝ፤ ቫዮሊንና ቼሎ በቀስት ሳይሆን በጣት ይምቱ። ኖታዎቹ ይጠሩ፣ በመሀላቸው ትንፋሽ ይኑር። እርምጃውን ሁሉ በኖታ መከተል ግን የልጆች ካርቱን ያስመስለዋል፤ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይበቃል። በሩ ለካስ ክፍት ኖሯል! ሙዚቃው ከዚያ አንድ ምት ቀድሞ ይቁም። ካልቆመ ቀልዱን አስቀድሞ ይናገርበታል፤ ተመልካች የሚስቀው ዝምታው ላይ ነው።

ልብ አንጠልጣዩ ላይ ኮንትራባስ (ከቫዮሊን ቤተሰብ ትልቁና ወፍራም ድምፅ ያለው) አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ይዞ ለብቻው ሃያ ሴኮንድ ይቆይ። ከዚያ ቫዮሊኖች ከላይ ቀስታቸውን እያንቀጠቀጡ በለሆሳስ ይግቡ። መሀሉን ባዶ ተዉት፤ የጫማው ኮቴና የውሻው ጩኸት የሚሰማው እዚያ ነው። ቅኝቱ አንቺሆዬ ቢሆን እንመርጣለን፦ ከዶ ሲነሳ ዶና ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋና ሶል ቤሞል ጎን ለጎን ናቸው፤ ጥንዱ አንድ ላይ ሲሰማ ጆሮ ይጨነቃል። ከበሮና ጡሩምባ መከመር ግድ አይደለም። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውን «ሳይኮ» የተባለ አስፈሪ ፊልም ያጀበው በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ነው። ከመነሻው ሁሉንም ካስጮኻችሁ በሩ ሲከፈት የምትጨምሩት አይኖራችሁም።

የኮምፒውተር ቫዮሊን ሕይወት የሚያጣው ድምፁ ከፍ ዝቅ ስለማይል ነው፤ የኪቦርዱን ሞዱሌሽን ጎማ (ድምፁን ከፍ ዝቅ የምታደርጉበትን ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ) እያንቀሳቀሳችሁ ቅረጹ። በላዩ አንድ እውነተኛ ማሲንቆ ቢደረብ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቆርቆሮ ጣራ ሥር በክረምት ከሰዓት አትሞክሩት። ሌሊትም ቢሆን ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ የጅብ ጩኸት ለትዕይንቱ ቢመች እንኳ ከማሲንቆው ጋር አንድ ትራክ ላይ ከገባ አይለይላችሁም።

ቀጥሎ ንግግር ካለ፣ ቃላቱ ጥርት ብለው እንዲሰሙ የሙዚቃውን ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን የድምፅ ክልል በ3 ዴሲቤል ቀንሱ።