የቆላ ሙቀትና የጓሮ ዶሮ፦ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት የሚያልቅ ሥራ

ዶሮ አያልባትም። ሙቀቷን የምታስወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ላባ የሌለውን እግሯንና አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ነፋስ ሲነካላት፣ አለዚያም አፏን ከፍታ እያለከለከች ከሳንባዋ ውሃ ሲተንላት። ደህና በሆነችበት ቀን እንኳ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ግድም ስለሆነ ብዙ መጠባበቂያ የላትም፤ አራት አምስት ዲግሪ ከጨመረ አትተርፍም። አየሩ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን ይመቻታል፣ 30 ሲያልፍ ታለከልካለች፣ ከ35 በላይ ለሕይወቷ ያሰጋል። ድሬዳዋ፣ መተማ፣ ጋምቤላ ወይም አፋር ላይ በሞቃቶቹ ወራት 35 ዲግሪ ተራ ቀን ነው።

ሞቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ባልዲ ይዞ መሯሯጥ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ የተባረረች ዶሮ ጡንቻዋ ራሱ ሙቀት ያመነጭባታል። ስለዚህ ቀጥሎ ካለው ሥራ አብዛኛው ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ያልቃል፣ እኩለ ቀን ላይ ዶሮዎቹ አይነኩም።

ከጣሪያው ጀምሩ

በ7 ሰዓት ዶሮ ቤት ግቡና መዳፋችሁን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። የሚወርደው ሙቀት ወዲያው ይሰማችኋል። ቆጡ ከፍ ብሎ ከቆርቆሮው ሥር ከተሠራ ዶሮዋ የምትውለው እዚያ ሙቀት ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚያዋጣው ቆርቆሮውን ከላይ ማልበስ ነው። የማሽላ አገዳ ወይም ሣር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አወፍራችሁ በቆርቆሮው ላይ አንጥፉ፣ ነፋስ እንዳይወስደው በሽቦ እሰሩት። ምድጃ ወይም የማድ ቤት ጭስ መውጫ አጠገብ ከሆነ ግን አታድርጉት፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ከውስጥ ማልበስም ይቻላል፦ ሰሌን ወይም የተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት ከቆርቆሮው 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ መወጠር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ጫፍ በመድፈን ነው። ጫፎቹ ክፍት ካልሆኑ በመካከል ያለው አየር መውጫ አጥቶ ይግላል፣ ሰሌኑም ራሱ ወደ ታች ያሞቃል። ሰሌን ቅንቅን ስለሚሸሸግበት በየወሩ አውርዶ ፀሐይ ላይ ማዋል ያስፈልጋል።

ገንዘብና ጊዜ ያጠረው ሰው ኖራ ይቀባ። ኖራውን በውሃ አቅጥናችሁ፣ እንዲይዝ ትንሽ ቪናቪል ጨምራችሁ፣ ጠዋት ቆርቆሮው ሳይግል ሁለት ጊዜ ቀቡት። ለግድግዳ ኖራ ሲበጠበጥ ጨው የመጨመር ልማድ አለ፤ ለቆርቆሮ አይሆንም፣ ያዝገዋል። ዝናብ ስለሚያጥበው በየዓመቱ ሙቀቱ ሳይገባ መድገም ነው።

አዲስ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጉት፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚያርፈው በጠባቡ ግድግዳ ላይ ብቻ ይሆናል። ግድግዳው ከታች ግማሽ ሜትር ያህል ይደፈን፣ ከዚያ በላይ ሽቦ ይሁን። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው አንድ ሜትር ወጣ ይበል። በደጋ በአንድ ካሬ ሜትር 6 ወይም 7 ዶሮ የሚያኖር ሰው በቆላ ከ4 አያሳልፍ። ጓሮው ላይ ጥላ የሚሆን ዛፍ ከፈለጋችሁ ሽፈራው ወይም ኒም ቶሎ ይደርሳል።

ሌሊቱን አትዝጉባቸው

ሽለምጥማጥ ስለሚያሰጋ ብዙ ሰው ማታ ዶሮ ቤቱን ይደፍነዋል፣ የቀረችውን ቀዳዳ ሳይቀር በጨርቅ ይወትፋል። ዶሮ ግን ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት የምታራግፈው ሌሊት ነው። ታፍና ካደረች ነገን የምትጀምረው የትናንቱን ሙቀት ተሸክማ ነው። ሙቀቱ ቀን ከቀን ሲደጋገም ሞት የሚበረታውም ለዚህ ነው። መፍትሔው በር መክፈት አይደለም፤ ቀዳዳው ከ1.3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ነፋስ በሚገባበትና በሚወጣበት በሁለቱም ግድግዳ ላይ መምታት ነው። በቀጭኑ የዶሮ ሽቦ አትተማመኑ፣ ሽለምጥማጥ ይቦጭቀዋል።

ወለሉ ላይ ያለው ጭድ ወይም ሰጋቱራም አለ። 15 ሴንቲ ሜትር ወፍሮ ኩስ ከጠጣ ውስጥ ውስጡን እየፈላ ሙቀት ይሰጣል። በሙቀት ወራት 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ የረጠበውን በየቀኑ ማውጣት ነው።

ውሃ

በመጠነኛ አየር አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች። 35 ዲግሪ ሲያልፍ ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ትፈልጋለች። ለ20 ዶሮ ቢያንስ 10 ሊትር ማለት ነው፣ የሚደፋው ሳይቆጠር። መጠኑ ቢሟላም የሞቀ ውሃ ትተዋለች። ፀሐይ ላይ የዋለ ቢጫ ጄሪካን፣ ጥቁር ሮቶ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ጥቁር የውሃ ጎማ፣ ሁሉም በ6 ሰዓት እጅ የሚያቃጥል ውሃ ይሰጣሉ። ከጎማው መጀመሪያ የሚወጣውን ለአትክልት አፍስሱት፣ ቀዝቀዝ ሲል ለዶሮ ቅዱ።

ከፕላስቲክ የሚሻለው ያልተቀባ ሸክላ ነው። ውሃው በገላው ላብ ብሎ እየወጣ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። ሰፋ ያለ ሸክላ ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ እንዳይገለበጥ ግማሹን በረጠበ አሸዋ ቅበሩት፣ ጫጩት እንዳይሰምጥበት መሐሉ ላይ ድንጋይ አኑሩ። ሸክላ በየቀኑ ካልተፈተገ አረንጓዴ ያበቅላል። የመጠጫውን ቁጥርም እጥፍ አድርጉት፤ በሙቀት ጊዜ ጉልበተኛዋ ውሃው ላይ ቆማ ትውላለች፣ ደካማዋ አትደርስም።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ከመድኃኒት ቤት አንድ ፓኬት ገዝታችሁ በ2 ሊትር ውሃ መበጥበጥ ትችላላችሁ። ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ፣ ከሦስት ቀን ላልበለጠ። አጠገቡ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። በግምት ጨው መበተን ግን ይቅር፤ ጨው የበዛበት ዶሮ ያቀዝነዋል፣ ሊገድለውም ይችላል።

መኖውን በሰዓት

የተበላ መኖ ሲፈጭ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱ የሚበረታው ከተበላ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የጠገበች ዶሮ ያ ሙቀት የሚነሳባት ልክ በ8 እና በ10 ሰዓት መካከል ነው። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት አብሉ፣ በ3 ሰዓት መኖውን አንሱ፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ መልሱ። በተለይ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን) ቀን ላይ አትስጡ፤ ከፕሮቲን የሚነሳው ሙቀት ከሌላው ይበልጣል። መሐል ላይ የሐብሐብ ልጣጭ ወይም ጎመን ጣል ቢደረግ የሚሰጠው ውሃ ነው።

የእንቁላሉ ቅርፊት ከሳሳ ሰው ወዲያው «ካልሲየም አነሳት» ይላል። በሙቀት ጊዜ ግን ሌላም ምክንያት አለ። ስታለከልክ የምታስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል፣ ቅርፊት የሚሠራው ደግሞ ከዚያው ጋዝ በሚገኝ ካርቦኔት ነው። በዚያ ላይ የምትበላው ይቀንሳል። መኖው ውስጥ ካልሲየም ቢደረብ ይበልጥ ትጠላዋለች። ቅርፊቱ የሚሠራው በአመዛኙ ሌሊት ስለሆነ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በሌላ ዕቃ ማታ ማታ አስቀምጡላት። ለቅብ የተገዛው ኖራ እዚህ አይገባም፤ አፏንና ጉሮሮዋን ያቃጥላል።

ውሃ መርጨትና ፋን

ርጥብ ጆንያ ነፋስ በሚገባበት በኩል መስቀል በደረቅ አየር ጥሩ ይሠራል፤ አፋርና ድሬዳዋ ላይ ለውጡ ወዲያው ይሰማል። ጋምቤላ ዝናቡ ከገባ በኋላ ግን ተመሳሳዩ ጆንያ ጠላት ይሆናል። አየሩ ርጥበት ከጠገበ ዶሮዋ ስታለከልክ ከሳንባዋ ብዙ አይተንላትም። መለያው ቀላል ነው፦ ጆንያው በሰዓት ውስጥ የሚደርቅ ከሆነ አርጥቡ፣ ሳይደርቅ የሚውል ከሆነ አንሱት። መብራት ካለ ፋኑ ወደ ጣሪያው ሳይሆን በዶሮ ቁመት ልክ ይንፈስ። አየሩ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ፋን ብቻውን የጋለ አየር መግፋት ነው።

ሙቀት ነው ፈንግል?

ሁለቱም አፍ ያስከፍታሉ። ሙቀት መጀመሪያ የሚገድለው ወፍራሟንና ደህና የምትጥለዋን ነው፣ ከሰዓት በኋላ፤ ማታ ሲቀዘቅዝ የተረፉት አፋቸውን ይዘጋሉ። ፈንግል ሰዓት አይመርጥም። ንጋት ላይ በብርድም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ አረንጓዴ የምታስቀምጥ፣ አንገቷ የተጠማዘዘ ዶሮ ካያችሁ ሙቀት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለይታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። «ልትሞት ነው» ብሎ ቶሎ ማረድና ላባና አንጀቱን ጓሮ መጣል ፈንግሉን ለጎረቤት ሁሉ ማከፋፈል ነው። የፈንግል ክትባት በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሁን፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ ቶሎ ኃይሉን ያጣል።

ከወደቀች

ክንፏን ዘርግታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ከተኛች ሳታባርሩ አንሷት። ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለ (በረዶ ባልሆነ) ውሃ እስከ ደረቷ ሁለት ሦስት ደቂቃ ንከሯት፣ ጭንቅላቷን ከውሃው በላይ ይዛችሁ። ላባው ውሃ ስለማያስገባ ከሆዷ ሥርና ከክንፏ ሥር በጣት ገልጣችሁ ገላዋን አርጥቡ። ከዚያ ነፋስ ያለበት ቦታ ለብቻዋ አስቀምጧት። በጉሮሮዋ ውሃ አታንቆርቁሩ፤ እያለከለከች ሳለ ወደ ሳንባዋ ይገባል። የምንቃሯን ጫፍ ውሃ አስነኩ፤ ከተረፈች ራሷ ትጠጣለች። እስኪመሽ ወደ ሌሎቹ አትመልሷት፣ ደካማ ካዩ ይነቁሯታል።